የድመት ምችና በሻንጣ የመጣው ዱቄት



ርእሱ ሲነገር ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰምቻለሁ። አልፈርድም። እንደ ጂንካ ገንዲ የተባለው የከብት በሽታ በሬ በሚጥልበት፣ የሳንባ በሽታ በረት ባዶ በሚያስቀርበት አካባቢ ስለ ድመት ቫይታሚን ለማውራት ሰው መሰብሰብ ቅንጦት ይመስላል። ጎተራ ያለው ገበሬ ግን የሳቀ አይመስለኝም። በቆሎውን ከአይጥ የምትጠብቅለት ማን እንደሆነች ያውቃል።

ድመትን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድ ቫይረስ ላይወጣ ከሰውነት ገብቶ ሲቀመጥ፣ በብልቃጥ የሚሸጥ "አቅም ገንቢ" ምን ያህል ይረዳል? ይህ ጥያቄ ለእኛም ይደርሳል። በራሳችን ላይ ስናነሣው ፍርሃትና ተስፋ ዓይናችንን ይጋርዱታል። በድመት ላይ ስናነሣው ረጋ ብለን እናያለን።

ከምች ልጀምር። አብዛኞቻችሁ ከንፈራችሁ ዳር ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶባችሁ ያውቃል። "ምች መታኝ" ትላላችሁ። እናት ዳማከሴ ታሻለች፣ ጭማቂውን ትቀባለች፣ ሳምንት አሥር ቀን ሲሆነው ይጠፋል። ከወራት በኋላ ትኩሳት ሲይዛችሁ ወይም ፀሐይ ሲበረታባችሁ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ብቅ ይላል። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ይህን ምች የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ውስጥ ከመቶው 64 ያህሉ ይህን ቫይረስ ተሸክሟል። ብዙው ሰው ምልክቱን እንኳ ሳያይ ይኖራል። ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም። የፊትን ነርቭ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባና ከራስ ቅል ሥር ባለች የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ይተኛል። ሰውነት ሲደክም ይነቃና በመጣበት ነርቭ ተመልሶ ይወጣል።

ድመቶችም የራሳቸው ሄርፒስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ውስጥ ክራንደልና ማውረር የተባሉ ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። ከድመት ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ድመት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከንፈራችሁ ላይ ምች ቢወጣ ድመቷን አትውቀሱ። አኗኗሩ ግን ከእኛው ጋር አንድ ነው። ግልገሏን ከእናቷ ወይም ከሌላ ድመት በማስነጠስና በመላላስ ይይዛታል። ዓይኗ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በዓይናር ይጣበቃል። አፍንጫዋ ይደፈናል። ካልሞተች ትድናለች፤ ቫይረሱ ግን በዚያችው የፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከተያዙት ድመቶች ከመቶ 80 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ተሸካሚ ሆነው ይኖራሉ። ቤት ሲቀየር፣ ሌላ ድመት ሲመጣባት፣ ወልዳ ስታጠባ፣ ወይም ኮርቲዞን የተባለው መድኃኒት ሲሰጣት ያገረሽባታል። ከጭንቀቱ አንድ ሳምንት ያህል ቆይታ ቫይረሱን መርጨት ትጀምራለች፣ አንድ ሁለት ሳምንት ትረጫለች፣ ከዚያ ራሱ ይተዋታል።

ይህን "ራሱ ይተዋታል" የሚለውን ያዙልኝ። የዛሬው ወሬ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው ወደ እኔ መጡ። ውሪት ይሏታል። ግራ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ የሁለቱ ቆብ ጠርዝ ጥቁር ቡናማ በሆነ ደረቅ ዓይናር ተሰፍቷል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ፋሻ አርሼ ከውስጠኛው ጥግ ወደ ውጭ ቀስ እያልኩ ስጠርግ፣ ቅርፊቱ ረጥቦ ሲለቅ ዓይኗ ተገለጠ፤ ነጩ ክፍል ቀልቶ ያበጠ፣ ግልጹ ሽፋን ግን ገና ጤነኛ። አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ትተነፍሳለች። ከተመገበች ስንት ጊዜ እንደሆናት ስጠይቅ "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አፏን አላስነካችም" አሉኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው ነጭ ብልቃጥ አወጡ። ክዳኑ ላይ የድመት ሥዕል አለው።

"ዶክተር፣ ይህን ልጄ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የላከችልኝ ነው። ባለፈው ሲያማት ከሥጋዋ ላይ ነስንሼ ሰጠኋትና ሳምንት ሳይሞላት ድና ነበር። ካቆምኩ በኋላ ደግሞ ተመለሰባት። አሁን መጠኑን ልጨምርላት ወይስ ሳላቋርጥ ልስጣት?"

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ላይሲን ነበር። ላይሲን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው፤ በሥጋ፣ በዓሣ፣ በባቄላ ውስጥ ሞልቷል። ለድመት ሄርፒስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መጠን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነበር። ለሰው ምችም ይሸጣል። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪሞች ራሳቸው ያዝዙት ነበር፤ ስለዚህ ልጅቷ ተታለለች ብዬ አላቃልላትም። ለእናቷ ድመት አስባ የሐኪም ምክር ተከትላለች።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ሄርፒስ ራሱን ለማባዛት አርጂኒን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አብዝቶ ይፈልጋል። ላይሲንና አርጂኒን ወደ ሕዋስ የሚገቡት በአንድ መግቢያ ነው፤ በጠባብ በር እንደሚጋፉ ሁለት ሰዎች። ላይሲኑን ብታበዛው አርጂኒኑ ውጭ ይቀራል፣ ቫይረሱም ይራባል ተባለ። ያምራል! እ.ኤ.አ. በ2000 ዴቪድ ማግስና ባልደረቦቹ በድመት ሄርፒስ ላይ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሞከሩት። ላይሲኑ የቫይረሱን መባዛት ቀነሰ፤ ይህ የሆነው ግን አርጂኒኑ እጅግ ጥቂት በሆነበት ፈሳሽ ውስጥ ብቻ ነበር። አርጂኒን ሲጨመር የላይሲን ኃይል ጠፋ። የድመት ደም ደግሞ አርጂኒን የሌለበት ፈሳሽ አይደለም።

ከዚያ ወደ ድመቶች ተሄደ። በ2002 በስምንት ድመቶች ላይ በተሠራ ሙከራ ላይሲን የወሰዱት ዓይናቸው ትንሽ ቀለል ብሎላቸው ነበር። በ2003 በሌላ አነስተኛ ሙከራ የሚረጩት ቫይረስ ለጊዜው ቀነሰ። ዝናው የተነሣው ከእነዚህ ነው። ሙከራው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የተጣሉ ድመቶች ወደሚያዙበት ማቆያ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ወደ 300 የሚጠጉ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ላይሲን ሰጠ፣ ለግማሾቹ አልሰጠም፤ በማስነጠስም በዓይን ሕመምም ልዩነት አልታየም። በ2009 ደግሞ ላይሲን በብዛት የተጨመረበት ምግብ የበሉት ድመቶች ካልበሉት ይልቅ ከበድ ያለ ሕመም ታየባቸው። በ2015 ሴባስቲያን ቦልና ኤቬሊን ቡኒክ ያለውን ማስረጃ ሁሉ አንድ ላይ አገላብጠው ላይሲን ለድመት ሄርፒስ አይከላከልም፣ አያክምም፣ መስጠቱም ወዲያው ይቁም ብለው ጻፉ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚደንቀኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞሪስና ሮጀርስ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ድመቶችን ሌሊቱን አስጹመው፣ አርጂኒን ብቻ የጎደለው ምግብ አቀረቡላቸው። አንድ ጊዜ በልተው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድመቶቹ አስመለሱ፣ ተንገዳገዱ፣ አንቀጠቀጣቸው። ደማቸው በአሞኒያ ተመርዞ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ጉበቷ ቀን ከሌሊት ፕሮቲን ይሰብራል። ከዚያ የሚወጣውን አሞኒያ በሽንት ወደሚወጣ ዩሪያ ለመለወጥ አርጂኒን የግድ ያስፈልጋታል። እኛ በሰውነታችን ውስጥ የምንተካበት መንገድ አለን፤ እሷ በበቂ መጠን አትተካም። እንግዲህ የላይሲኑን ሐሳብ መልሳችሁ እዩት። ዱቄቱ እንደተባለለት አርጂኒኗን ቢያሟጥጥ ከቫይረሱ በፊት ድመቷ ትወድቃለች። ካላሟጠጠ ደግሞ ቫይረሱ ምኑም አልተነካ። በተግባር የታየው ሁለተኛው ነው፦ ላይሲን የበሉ ድመቶች የደማቸው አርጂኒን አይቀንስም። ይህም ለብዙ ድመቶች እድል ሆኖላቸዋል ማለት ይቻላል።

"ታዲያ ባለፈው ለምን ዳነችልኝ?" አሉኝ መምህርቷ። ጥያቄያቸው ቅን ነበር፤ ያዩትን አይተዋል። እኔም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር ነገርኳቸው። ውሪት የምትታመመው በሞገድ ነው። ሰው ወደ ብልቃጥ እጁን የሚሰድደው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነው፤ ዓይኑ ሲዘጋ፣ ምግቡ ሲቆም። ከጫፍ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ታች ብቻ ነው። ያን ጊዜ ላይሲን ቢሰጡ፣ ዳማከሴ ቢያሸቱ፣ ምንም ባያደርጉ በሳምንቱ ይሻላታል፤ ምስጋናው ግን እጃቸው ላይ ለነበረው ነገር ይሆናል። ስታገረሽ ደግሞ "አቋርጬባት ነው" ይላሉ፤ ጥፋቱ ወደ ሰውየው ይዞራል፣ ብልቃጡ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ሳይሰጡ ማየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። አንድ ድመት ብቻ ያለው ሰው፣ ምንም ያህል አስተዋይ ቢሆን፣ ይህን በቤቱ ሊለየው አይችልም። መምህርቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "ለተማሪዎቼ ያስተማርኩትን ለራሴ ረሳሁት ማለት ነው" ብለው ሳቁ።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አብረን አነበብነው። "የመከላከል አቅምን ይደግፋል" ይላል። ጥንቃቄውን እዩልኝ! ሄርፒስን ያድናል አላለም፤ ዓይን ይፈውሳል አላለም። ይደግፋል። ባይደግፍ ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ደግሞ ለንጥረ ነገሮች ጠበቃ ልሁን፤ አለበለዚያ ሁሉም ከንቱ ነው ብዬ የሄድኩ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያጣች ድመት የዓይኗ ውስጠኛ ሽፋን እየሞተ እንደምትታወር ታወቀ። በ1987 ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ ልባቸው ሰፍቶ የሚሞቱ ድመቶችን መርምረው ታውሪን እንደጎደላቸው አገኙ፤ ሲሰጣቸው ልባቸው ተመለሰ። ይህን ማንም አይክደውም። በመላው ዓለም የድመት ምግብ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከዚያ ወዲህ የታውሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቫይረስ የለም። የጎደለ ነገር ነበር፣ ጉድለቱ ተለካ፣ ተሞላ። ውሪት ግን ላይሲን አልጎደላትም፤ ከሥጋ ቤት የሚመጣላት ሳንባ ውስጥ በቂ አለ።

የድመት ምግብ ምን መሆን እንዳለበት ማወቅ የፈለገ ወደ ማጎ ፓርክ ይሂድ። እዚያ የሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት የቤት ድመቶቻችን የቅርብ ዘመድ ነው። አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት ይይዛል፤ ትንንሹን እንዳለ ከነሆድ ዕቃው ይበላል። ታውሪኑ ከጡንቻና ከልብ፣ ቫይታሚን ኤው ከጉበት፣ ካልሲየሙ ከአጥንት ይመጣለታል። ጎተራ የምትጠብቅ ድመትም የምትበላው ይህንኑ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ችግር የሚመጣው ከተማ ገብታ በር ሲዘጋባት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ ለ55 ቀን ሥጋና ወተት አያይም፤ ድመቷም ከቤተሰቡ ጋር ሽሮ ፍትፍት ይቀርብላታል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? አመሏ ብቻ መስሎን ነበር፤ ሆዷም አይመነኩስም። ከእህልና ከጥራጥሬ ታውሪን አታገኝም።

ወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ ተቀቅሎም፣ ቁሌት ሆኖም፣ ዱቄት ሆኖም ያው ነው። ድድዋ ይገረጣል፣ ትደክማለች። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት በማር የሚያውቅ ሰው ለምታስነጥስ ድመቱም ያንኑ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለድመት ግን መርዝ ነው።

እዚህ አካባቢ የሚነሣው ሌላው ሺፈራው ነው። ሀለኮ የምትሉት። ከኮንሶ እስከ ደቡብ ኦሞ ቆላ ከየደጃፉ የማይጠፋ ዛፍ፣ ቅጠሉ ኩርኩፋ ከሚባለው ምግብ ጋር ሲበላ የብዙ ቤተሰብ ጎመን። አዲስ አበባ ሲደርስ ዱቄትና ሻይ ሆኖ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለማይድን ሁሉ ይሸጣል። እንደ ምግብ ክብር ይገባዋል። ለልጆች ዓይን የሚጠቅመው ቤታ ካሮቲን ስላለው ነው፤ ሰውነታችን ያንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ድመት ግን መለወጥ አትችልም። ሙሉ ቫይታሚን ኤ ከጉበት መብላት አለባት። ስለዚህ ሺፈራው በሰው ዘንድ የሚኮራበት ነገር በድመት ሆድ ውስጥ ሳይሠራ ያልፋል። ቫይረሱንም አያባርርም። ይህን ሰምቶ ደግሞ ጉበት በየቀኑ የሚያበላ እንዳይኖር! ቫይታሚን ኤ ሲበዛ የድመት የአንገት አጥንቶች እርስ በእርስ ይጣበቃሉ፣ ዞራ ራሷን መላስ ያቅታታል። ለዶሮና ለጥጃ የሚሸጠውን የቫይታሚን ዱቄት በግምት መስጠትም ያው አደጋ አለው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ጉበት ይበቃታል።

ሌሎቹን የድመት ቫይረሶች በአጭሩ ልለፋቸው። ካሊሲ የሚባለው ምላስ ላይ ቁስል ያወጣል። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስን ዊልያም ጃሬት እ.ኤ.አ. በ1964 ግላስጎ ውስጥ አገኘው፤ በምራቅ ይተላለፋል። የድመት የመከላከል አቅም አጥፊ ቫይረስን ደግሞ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ በ1986 ካሊፎርኒያ ፔተሉማ በምትባል ከተማ ከነበሩ ድመቶች ለዩት፤ የኤችአይቪ ዘመድ ነው፣ ዋና መንገዱ ንክሻ ነው፣ ወደ ሰው አይመጣም። ሌሊት ጣሪያ ላይ የሚደባደቡት ወንዶች የሚያወርሱት እሱን ነው፤ ማኮላሸት ከማንኛውም እንክብል የበለጠ ይከላከለዋል።

ኤችአይቪን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጤና ሚኒስትሯ ማንቶ ሻባላላ ምሲማንግ ከመድኃኒቱ ይልቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥርን ያስቀድሙ ነበር፤ በ2006 ቶሮንቶ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ አገራቸው እነዚያኑ ለእይታ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገመቱ። ሽንኩርቱ ማንንም አልገደለም። ወረፋውን ነው የያዘው። በእኛ አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ሲታደል አልጋ ላይ የነበረ ሰው ተነሥቶ እርሻው ሄደ። አልሚ ምግብም አብሮ ተሰጥቷል፤ ለከሳው፣ ክንዱ ተለክቶ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሄዱ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ አልወሰደም።

እናንተም ይህን በቅርብ አይታችኋል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ እዚሁ ጂንካ መከሰቱ ከተረጋገጠበት ቀን አንሥቶ ጥር 18 ማብቃቱ እስኪታወጅ ድረስ የነበረውን ጊዜ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ማርበርግ ከሄርፒስ ፈጽሞ ይለያል፤ አንዱ መጥቶ ይገድላል ወይም ይሄዳል፣ ሌላው ይቀመጣል። ሐኪሞቹ ታማሚው አልጋ ዙሪያ ያደረጉትን ግን አስታውሱ። የፈሰሰው ፈሳሽ ተለክቶ ይተካል፣ የጎደለው ጨው ይመለሳል፣ የደም ግፊቱ ይጠበቃል። እንዲህ ያለው ድጋፍ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው "ይደግፋል" ጋር አንድ ስም ይዞ ቢጠራም ሥራው የተለየ ነው።

ለውሪት ያደረግነውም በአነስተኛው ይህንኑ ነው። ድመት ካልሸተታት አትበላም፤ አፍንጫዋ ተደፍኖ ከፊቷ ሥጋ ቢቆለል ዞር ብላ አታየውም። ሁለት ሦስት ቀን ከጾመች ደግሞ ስቧ ወደ ጉበቷ እየፈሰሰ ጉበቷን ሊዘጋው ይችላል፤ ይህም ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ አፍንጫዋን ጠረግን፣ እንፋሎት ያለበት ክፍል ውስጥ ጥቂት አስቀመጥናት። ሳንባውና ትንሽ ጉበት ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት ተቀቀለ፤ ለብ እያለ ሽታው ሲወጣ ቀረበላት። ይቀቀል የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተመረመሩ 48 ድመቶች 41ዱ የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ምልክት በደማቸው ተገኝቷል፤ ጥሬ ሥጋ አንዱ መንገድ ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ውሪት መጀመሪያ መረቁን ላሰች፣ ቀጥላ አንድ ቁራጭ አነሣች። መምህርቷ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ለዓይኗ ሁላችሁም የምታውቁትን የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠኋቸው፤ ለትራኮማ የሚታደለውን። ቫይረሱን አይነካውም፤ አጋጣሚ ተጠቅመው የሚገቡትን ባክቴሪያዎች ይይዛል። ኮርቲዞን ያለበት የዓይን ጠብታ ግን ቀይ ዓይን አየሁ ብሎ የሚያደርግ ሰው ሄርፒሱን ይቀሰቅሳል፣ የዓይኗን ግልጽ ሽፋን ሊያስበሳ ይችላል። በጉንፋን ስም ፓራሲታሞል የሚሰጡም አሉ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን በበቂ የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ልትገድላት ትችላለች። ከሰው ፋርማሲ የሚገዛው ቫላሲክሎቪርም እንዲሁ ለድመት መርዝ ነው። በድመት ሄርፒስ ላይ ተሞክሮ የሠራው በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ፋምሲክሎቪር ነው፤ ለከበደ ሕመም፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደቷ ልክ። መምህርቷ "ልጄ ምን ትላክልኝ?" ሲሉኝ የነገርኳቸው ይህንን ነው፤ እሱም አሁን ውሪት ስላልከበደባት አያስፈልግም አልኳቸው። ዱቄቱን አቁመዋል።

ሄርፒስን፣ ካሊሲንና ገዳዩን የድመት ተቅማጥ ቫይረስ በአንድ መርፌ የሚይዝ ክትባት አለ። ሄርፒሱ ጨርሶ እንዳይገባ አያደርግም፤ ከገባ ግን ሕመሙን ያቀልለዋል። ክትባቱ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስላለበት በሻንጣ አይመጣም፤ ብዙ ባለቤቶች ስማቸውን አሰባስበው በአንድ የበረዶ ሣጥን ማስመጣት ይሻላቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ድመትንም ይይዛታል፣ ትነክሳለች፤ ምልክቱ በእሷ ወይም በተነከሰው ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ለታመመው የሚሆን መድኃኒት የለም። ሦስት ወር የሞላት ድመት ያላችሁ አስከትቡ። አዲስ ግልገል ወደ ቤት ስታስገቡም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩዋት፣ ሳህኗንም ለዩት። የሄርፒስ ቫይረስ ከድመት ውጭ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም፤ ሳሙናና ፀሐይ ይበቁታል።

ለጥያቄ ጊዜ አለን። ከበሩ አጠገብ ዘንቢል ይዘው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አያለሁ፤ ከአንደኛው ዘንቢል ስታስነጥስ የምሰማትን ሴትዮ እናስቀድም። እስከዚያው ግን እባካችሁ ዘንቢሎቹን አራርቋቸው።